ሥጋው የእሱ፣ ዕቃው የእኔ

ጃንዋሪ 11 ቀን 1638

የቬኒሱ መስታወት ዛሬ ገባ።

ጃንዋሪ 12

ትናንት ደክሞኝ ብዙ አልጻፍኩም። መስታወቱ የጌታ ኦስተርዘል ነው፤ ሥዕሉ ሲያልቅ ይመለስለታል። ይህ የሐር ነጋዴ አምስቱን የስሜት ሕዋሳት በሥዕል አዝዞ አራቱን ተረክቧል። መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። የቀረው ማየት ነው። እስከ ፋሲካ ይፈልገዋል።

ሥራው እንደ ሌሎቹ ለሁለት ነው። ሰዎቹን ሊቨን ብራከል ይሥላል፣ ዕቃዎቹን እኔ። አንትወርፕ ውስጥ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ አንዱ አበባ፣ አንዱ ከብት፣ አንዱ ደመና። የእኔ ብርጭቆ፣ ብርና መስታወት ነው። ሊቨን ሮም ደርሶ የመጣ ሰው ስለሆነ የሰው ገላ የእሱ ነው። መጀመሪያ የተዋዋልን ዕለት፣ "ምንም አያጣላንም አለቃ ጎማር፤ ሥጋው የእኔ፣ ዕቃው የእርስዎ" አለኝ። ሳቂታ ነው። ሮም የሄደ ሁሉ እንዲህ እየሳቀ ነው የሚመለሰው።

ጃንዋሪ 15

ማየትን ሆና የምትቀመጠው ዲምፍና እንድትሆንለት ኦስተርዘል ጠየቀኝ። ልጄን ቤተ ክርስቲያን አይቷታል። "ፊቷ ጥሩ ነው፤ አንገቷም ቀጥ ያለ ነው" አለ፣ ፈረስ እንደሚገዛ ሰው። እምቢ ልለው አስቤ ነበር። ለሚያዝህ ሰው እምቢ አይባልም።

ግን በራሴ ደንብ ነው። በእኔ ቤት፣ ሙሉ ልብሷን ለብሳ፣ እኔ ባለሁበት። ሊቨን ይህን ስነግረው ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለ።

"ከዓይንዎ ሥር አንወጣም" አለኝ።

ጃንዋሪ 19

ዛሬ ቦታ ያዝን። ዲምፍና ጠረጴዛው ጋ ጎኗን ሰጥታ ተቀምጣለች። መስታወቱ ከፊቷ ትንሽ ሰያፍ ብሎ ቆሟል። ከኋላዋ ከመድኃኒት ቀማሚው የተዋስነው ንስር አለ፤ የማየት ምልክት ስለሆነ። ገለባ የታጨቀ ነው፣ ሆዱ አካባቢ ብል በልቶታል። ሊቨን በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በማዶ ከማሰሮዎቼ ኋላ። ከእኔ በርጩማ ሲታይ መስታወቱ ውስጥ መጋረጃውና ጆሮዋ ብቻ ነው ያለው። ለጊዜው ይበቃኛል፤ ክፈፉን ነው የምጀምረው።

መስታወቱ ላይ አፍጥጣ ዋለች። አንዴም ዓይኗን አላነሳችም።

"ፊትሽን አታውቂውም እንዴ?" አልኳት።

"እዪ ብላችሁ አስቀምጣችሁኝ፣ አባባ፣ ሳይ ትቆጡኛላችሁ።"

ሊቨን ሳቀ። ሴት ልጅ መስታወት ስታገኝ እንዲህ ናት። እናቷ ግን እንዲህ አልነበረችም።

ጃንዋሪ 27

ብርድ። የተልባ ዘይቱ አልደርቅ አለ። ጣቶቼ አይታጠፉም።

ዲምፍና ከመቀመጧ በፊት ግራጫዎቼን ቀይጣ ደረደረችልኝ። መስታወት ማለት ግራጫ ነው፤ ትንሽ ሰማያዊ የነካው፣ ትንሽ ቡኒ የነካው፣ ጢስ የመሰለው። እሷ የቀየጠችው የምንሥልበት ሰሌዳ ላይ ሲያርፍ ብርጭቆ ይሆናል። ሰሞኑን እኔ የቀየጥኩት አመድ ሆነ። ብርዱ ነው።

ፌብሩዋሪ 2

የሠዓሊዎች ማኅበራችን፣ የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር ቤት ውዬ መጣሁ። እንደ ልማዳቸው ከበሩ ጀመሩኝ።

"ጎማር! ማንኪያህ ደህና ነው?"

"ማንኪያው ደህና ነው፤ ሹካው ነው ያመመው" አለ ሌላው።

ዕቃ ሠዓሊ ስለሆንኩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይቺው ቀልድ። ሳቅኩላቸው። ከዚያ አበባ የሚሥለው ወፍራሙ ጎኔ ተቀምጦ፣ "ብራከል ሚስት ይፈልጋል ይባላል" አለኝ።

"ይፈልግ።"

"ቀኑን ሙሉ አንተ ቤት ነው የሚውለው አይደል?"

"ሥራ ነው።"

"ሥራማ ነው! እኔ ምን አልኩ?" ብሎ ቢራውን ጨለጠ።

ዲምፍና የትም አትሄድም። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ መሄድ ብትፈልግ ድሮ ትሄድ ነበር። ቤቱን ማን ይይዛል? ቀለሙንስ ማን ይፈጫል? እናቷ በሕይወት ሳለች፣ ይቺ ልጅ የቤጊኖቹ ግቢ ገብታ ከእነዚያ ሳያገቡ በጸሎት ከሚኖሩ ሴቶች ጋር ብትሆን ደስ ይለኝ ነበር ትል ነበር። እኔ ግን ለማንም አልሰጠኋትም፤ ለእነሱም ቢሆን።

ፌብሩዋሪ 9

ተጣላን። ክፈፉን ጨርሼ የብርጭቆውን ጥልቀት እየጣልኩ ሳለ ሊቨን ብሩሹን ይዞ መጣ።

"እሱን ለእኔ ይተዉልኝ፣ አለቃ።"

"የቱን?"

"መስታወቱ ውስጥ ያለውን ፊት። ፊት ሥጋ ነው።"

"መስታወት ዕቃ ነው። ዕቃው የእኔ ነው ብለሃል።"

"ብርጭቆው የእርስዎ ነው። ፊቷን ግን እርስዎ ከዚያ ሆነው አያዩትም እኮ! ምን አይተው ይሥሉታል?"

"አንተ ታየዋለህ?"

ፊቱ ቀላ። የያዝኩት መሰለኝ፤ ክርክር መርታቴ ነበር የታየኝ።

ዲምፍና ሳትንቀሳቀስ ከተቀመጠችበት፣ "ፊቱ የእኔ ነው፤ እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም" አለች። ለሁለታችን ነው የተናገረችው። ሊቨን ብቻ ነው የሳቀው።

ለማኅበሩ ሹሞች አመልክቻለሁ።

ፌብሩዋሪ 13

ሹሞቹ ቢራ አስቀርበው ነገሩን ሲያላምጡት ዋሉ።

"ሳህን ላይ ያለ ዓሣ የማን ነው? የዓሣ ሠዓሊው ነው ወይስ የሳህን ሠዓሊው?"

"ከተበላ በኋላ የሳህን ሠዓሊው ነው።"

"ቀልዱን ተዉት እስቲ። የሰውየው ጥላስ? ጥላ ሥጋ ነው?"

"የአንተ ጥላ ሥጋ ነው፤ ወንበሩን ሰበረው እኮ!"

በመጨረሻ ፈረዱ። መስታወት ዕቃ ነው፤ በውስጡ የሚታይ ሁሉ የዕቃ ሠዓሊው ነው። ጠረጴዛውና በላዩ የሚቀመጠውም የእሱ ነው፤ ማንም አይገባበትም። ሊቨን እጁን ዘረጋልኝ፣ ጨበጥኩት። ረታሁ።

ለዲምፍና ነገርኳት። "እንኳን ደስ ያለዎት" ብላ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

ፌብሩዋሪ 18

ይህን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ሊቨን ዛሬ ቀረ፤ ጉንፋን ይዞታል። ፊቱን ለመጀመር ጥሩ ቀን ነው አልኩ። ከእኔ በርጩማ ስለማይታይ የእሱ በርጩማ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። በአራት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ዲምፍናን፣ "ለእሱ እንደምትቀመጪው ሆነሽ ተቀመጪ" አልኳት። ተቀመጠች። አንገቷን አቀናች። ቀና ብዬ መስታወቱን አየሁ።

ፊቷ ሙሉ በሙሉ እዚያ ነበር። ሁለቱ ዓይኖቿ ቀጥ ብለው እኔን ያያሉ።

መስታወት የሚሥል ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ማንም ተለማማጅ በመጀመሪያው ሳምንት ይማረዋል። በመስታወት ውስጥ ዓይንህን ካየሁት፣ ዓይንህ እኔን ያየኛል። በሰያፍ የቆመ መስታወት ደግሞ ከፊቱ ለተቀመጠው ሰው የራሱን ፊት አያሳየውም። ይህን ሠላሳ ዓመት ለሌሎች ሳስተምር ኖሬያለሁ። ቀጥሮ የሚያሠራኝ ሰው ሁሉ፣ ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት ራሷን እያየች ነው ሲል በሆዴ እስቅበት ነበር።

ዲምፍና አንድም ቀን ራሷን አላየችም። ከዚያ ወንበር ላይ ሆና ልታይ አትችልም።

ዓይኖቿ መጀመሪያ እሱን ሊያገኙ እንደመጡ ነበሩ። የነበራቸውን ነገር እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ያለሁት እኔ መሆኔን አዩ። ወዲያው ጠፋ። መብራት ይዞ ከክፍል የወጣ ሰው ያለ ይመስል ነበር።

"ምነው አባባ? ልክ አልተቀመጥኩም?"

"ልክ ነሽ" አልኳት። "አትንቀሳቀሺ።"

ብሩሹን አልነካሁትም። ብርሃኑ ሄዶ ነበር።

ፌብሩዋሪ 19

መስታወቱን ትንሽ አዞርኩት። ለብርሃኑ ነው።

ሊቨን ገና እያሳለው መጣና ተቀመጠ። መስታወቱን አየ። ከዚያ እኔን አየ። ዲምፍና ሁለት ጊዜ ልታቃናው እጇን ዘረጋች፣ ሁለት ጊዜም ተወችው።

ፌብሩዋሪ 24

ጠየቀኝ። ጥቁር ልብሱን ለብሶ፣ አንገትጌውን በስታርች አድርቆ መጣ።

"አለቃ ጎማር፣ ዲምፍናን ላገባት እፈልጋለሁ። እሷም ትፈልጋለች።"

"ማን ነገረህ?"

"ራሷ ናት የነገረችኝ።"

"መቼ? እኔ ከክፍሉ አልወጣሁም።"

ዓይኑ ወደ መስታወቱ ሄደ።

ሥዕሉ ይለቅና እንነጋገራለን አልኩት። አመሰገነኝ። እጄን ሊስም ምንም አልቀረው። ዲምፍና ማታ ሾርባዬን ስታቀርብ እየዘመረች ነበር፤ በዐቢይ ጾም።

እምቢ አላልኩም። ይህ ይመዝገብልኝ።

ማርች 3

ሥጋው አለቀ። ጥሩ ነው፤ ጥሩ አይደለም ማለት አልችልም። ከእጇ ቆዳ ሥር ያለው ደም ይታያል። ሊቨን የመሠዊያ ሥራ አግኝቶ ሜኸለን ሄደ፤ ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል። ሰሌዳው እኔ ዘንድ ነው። የቀረው ዕቃው ነው።

ማርች 6

ከመቃብር ቆፋሪው አንድ የራስ ቅል ተዋስኩ። በጆንያ አድርጌ አመጣሁት።

ማርች 9

"ግራጫውን ለምን ዓይነት ነገር ነው የሚፈልጉት?" አለችኝ ዲምፍና የቀለም መፍጫ ድንጋዩ ላይ ጎንበስ እንዳለች።

"ለማሰሮ ነው። ያረጀ ማሰሮ። ሞቅ ያለ ግራጫ፣ ከሥሩ ትንሽ ቢጫ።"

"የሸክላ ነው የቆርቆሮ?"

"የሸክላ።"

አሰብ አድርጋ ቀየጠችው። እንደዚህ ያለ ግራጫ ቀይጣልኝ አታውቅም። አጥንት ራሱ እንደዚያ አጥንት አይመስልም።

ማርች 15

ጠረጴዛው የእኔ ነው፤ ሹሞቹ ፈርደዋል። የራስ ቅሉ እጇ አጠገብ ነው። ሊጠፋ የደረሰ ሻማ ጨመርኩ። የረገፈ አበባም። ንስሩን በጥቁር መጋረጃ ሸፈንኩት። ንስር ሥጋ ነው የሚለኝ ካለ፣ የታጨቀ ነው፤ ዕቃ ነው።

ሊቨን የሣለው ገላ ላይ አንድ ብሩሽ አላሳረፍኩም። አልነካሁትም። ያው ልጅ፣ ያው አንገት፣ ያው ወደ መስታወቱ ዘንበል ማለት። አሁን ግን ማየት አይደለችም። ማንም ሕፃን ማን እንደሆነች ያውቃል፤ ሞት አጠገቧ ቁጭ ብሎ መልኳን የምታመልክ ከንቱ ሴት ናት።

ማርች 18

ዛሬ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ፊት ሠራሁ። እሷን ሳላስቀምጥ ነው የሠራሁት። አሮጊት ወጣ። እናቷ በመጨረሻው ክረምቷ የነበራትን ፊት መሰለኝ። ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ እጄ ነው ያመጣው። ልሰርዘው ጨርቅ አነሳሁ። ጥሩ ሥራ ስለነበረ ተውኩት።

ማርች 22

"ሰሌዳውን ለምን ሸፈኑት?"

"ቀለሙ አልደረቀም።"

"ማሰሮው ትልቅ ነው እንዴ? ስንት ግራጫ ፈጀ!" እየሳቀች ነበር። ሰሞኑን በትንሹም በትልቁም ትስቃለች። ለአልጋ ልብስ ዳንቴል እየሠራች ነው።

ማርች 29

አስረከብኩ።

ኦስተርዘል አየው። "እኔ ማየትን ነበር ያዘዝኩት" አለ።

"ማየት ነው" አልኩት። "የሚያይ ሰው የሚያየው ይኸው ነው።"

ሚስቱ ቀረብ አለች። "ይሄ ይሻላል" አለች። "ስብከት ነው። ጾሙን ሙሉ ከሰማሁት ሁሉ ይሄ ይሻላል። እንግዳ መቀበያው ክፍል ይሰቀል፤ ሰው ሲገባ እንዲያየው።" ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ "ይቺ ልጅ የእርስዎ አይደለችም እንዴ?" አለችኝ።

"ሊቨን ብራከል ነው የሣላት።"

"አይ፣ ደፋር ነዎት" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

ሌሎቹንም አራቱን እንደዚህ አድርግልኝ ተባልኩ። ቀድሞ ባለቁት ሥዕሎች ላይ እኔ ብቻዬን፣ ያለ ሥጋ ሠዓሊ። ከእንግዲህ ማንኪያህ እንዴት ነው የሚለኝ የለም። ደስ ሊለኝ ይገባል።

አፕሪል 6

ዛሬ መስታወቱን ለመመለስ እሷ ሄደች። እኔ ልሂድ ብዬ ነበር፤ ወገቤን አመመኝ። ተሸካሚው ይዞ፣ እሷ ከጎኑ። ኦስተርዘል ቤት በኋላ በር ያስገቧታል ብዬ ነው ያሰብኩት።

በፊት በር ነው ያስገቧት።

ስትመለስ ካባዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆመች። አልጮኸችም። እናቷም አትጮህም ነበር።

"ማሰሮው የት አለ?" አለችኝ።

"ዲምፍና—"

"ማሰሮ አላየሁም። ዞሬ ዞሬ ፈለግኩት። ገረዲቱ አብራኝ ፈለገች፣ እመቤቲቱም መጥታ ምን ጠፋ አለች። ለማሰሮ ነው ብለውኝ ነበር እኮ።"

"ሥዕል ነው። የሥዕል ምልክት ነው፣ ማንም ሰው—"

"ግራጫውን እኔ ነኝ የቀየጥኩት።"

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ስለ ሮም የሆነ ነገር ተናገርኩ። ሴቶች ስለሚታለሉበት ነገር።

ድንጋዩን አጠበች። በጨርቅ አደረቀችው። ሁልጊዜ እንደምታደርገው መስኮቱ ሥር አቆመችው። ከዚያ ወጣች።

አፕሪል 8

የሊቨን እኅት ዘንድ ናት፤ ቆዳ ፋቂዎቹ ሰፈር። ሊቨን ዛሬ መጣ። ባርኔጣውን አላወለቀም።

"ልብሷን ልወስድ ነው የመጣሁት።"

"በቤቴ ውስጥ፣ በዓይኔ ሥር—"

"አዎ፣ በዓይንህ ሥር። ተያየን። ከዚያ በላይ ምንም አላደረግንም። የታዘዝነውም ማየት ነበር።" አንተ ይለኝ ጀመር። ሣጥኗን ትከሻው ላይ አወጣ። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ "አሁን የሰፈሩ ሰው ምን እንደሚላት ታውቃለህ? ልንገርህ?" አለኝ።

"አልፈልግም።"

"እሷ ግን ትሰማዋለች" አለኝ።

አፕሪል 13

ባለፈው እሑድ ቄሱ ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠሩ። ከዳቦ ጋጋሪው ነው የሰማሁት። እኔ ቤት ነበርኩ። ሦስት እሑድ ይጠራል፤ ተቃውሞ ያለው ካልተነሳ ይጋባሉ። ዕድሜዋ ስለደረሰ የእኔን ፈቃድ የሚጠይቅ የለም።

መስማትን ከኦስተርዘል ቤት አምጥተውልኛል። የራስ ቅል፣ የተሰበረ ክራር። ግራጫው አልሆነም።

አፕሪል 16

ግራጫው አልሆነም። ከቀለም ሻጩ ተዘጋጅቶ የተፈጨ ገዛሁ። ጭቃ ነው።

ወዳጄ የመሰለኝ ወፍራሙ አበባ ሠዓሊ መንገድ ላይ ሲያየኝ ተሻግሮ ሄደ። ወይም አላየኝም።

አፕሪል 20

ሁለተኛው ጥሪ አለፈ። ሌሊቱን አልተኛሁም።

እናቷ የቤጊኖቹን ነገር ብላ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር ማለት ብቻ አይደለም፤ ታማ በነበረ ጊዜ ለእመቤታችን እንደ ስእለት አድርጋ ተናግራዋለች ማለት ይቻላል። አጠገቧ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። በስእለት የተሰጠች ልጅ እንዲህ በቀላሉ አትዳርም። ቄሱ ይህን ከሰሙ ማቆም ግዴታቸው ነው፤ ወደ ጳጳሱ ይልኩታል፣ ይጣራል፣ በጋው ያልፋል። በበጋው ውስጥ ሰው ሐሳቡን ይለውጣል። ሮም የለመደ ሰው ቶሎ ይሰለቸዋል። ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ስእለት ነበር። አሁን ሳስበው ስእለት ነበር።

አፕሪል 25

ጥቁር ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። የምለውን በመንገድ ላይ ደጋግሜ ብዬዋለሁ፤ አጭር ነው። ከኋላ በኩል ምሰሶው አጠገብ ቆምኩ። ዲምፍና ከፊት ከሊቨን እኅት ጋር ተቀምጣ ነበር። ነጭ ሻሽ። ሰው ከጎናቸው ፈቀቅ ብሎ ስለተቀመጠ የት እንዳለች ለማግኘት አላስቸገረኝም።

ከፊቴ የነበሩት ሁለት ሴቶች አላወቁኝም።

"ያቺ ናት?"

"ያቺው ናት። የኦስተርዘል ቤት ያለችው።"

"ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ ነጭ ታደርጋለች!"

"ምን አድርጋ ነው ግን እንደዚያ ያደረጓት?"

"እንጃ። የሆነ ነገርማ ይኖራል። አባትየው ናቸው አሉ የሣሏት።"

"ሂጂ! አባት?"

"እኔ እንጃ፤ የሚባለውን ነው።"

"አባት ከሆነማ የሚያውቀው ነገር አለ" አለች የመጀመሪያዋ፣ አማተበችም።

ቄሱ ወረቀቱን ይዘው ወጡ። ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ አሉ። ይህ ጋብቻ እንዳይፈጸም የሚያደርግ ነገር የሚያውቅ ካለ አሁን ይናገር አሉ። ከምሰሶው ወጥቼ መሐል ላይ ቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ሁለቱ ሴቶች ዞሩ፤ ከዚያ ከፊታቸው ያሉት ዞሩ፤ እየዞረ እየዞረ እፊት ደረሰ። ዲምፍና ዞረች። አየችኝ። ለምን እንደመጣሁ እንዳወቀች ዓይኗ ላይ አየሁት። ሌሎቹ ሁሉ እኔንና እሷን ሲያፈራርቁ እሷ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም፤ እስክናገር ጠበቀች።

"አለቃ ጎማር፣" አሉ ቄሱ፣ "የሚሉት ነገር አለዎት?"

አፌን ከፍቼ ነበር። የእናቷን ስም መጥራት ጀምሬ ነበር፤ አልጨረስኩትም። ባርኔጣዬን አጠለቅኩ፣ በሴቶቹ መካከል አልፌ፣ ቄሱ ጥያቄያቸውን ሲደግሙ ከኋላዬ እየሰማሁ በሩን ገፍቼ ወጣሁ።